ከዲናሚት ሣጥን የተሠሩ ወንበሮች

ሐምሌ 6 ቀን 2005 ዓ.ም፣ ደብረ ታቦር

ሶፋ መጣ። እኔ መለስኩት። ሚስቴ ፈንታነሽም አብራው ሄደች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ነገ ሰው አጣሞ ሲያወራው ከምሰማ የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው።

ሶፋውን የላከችው ባሕር ዳር ያለችው ልጃችን እመቤት ናት። ባሏ ፋሲል ራሱ በአይሱዙ ጭኖ፣ በሸራ ሸፍኖ፣ ረፋድ ላይ በካፊያ ደረሰ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ገበያው ሞልቷል። መኪናው ደጃችን ቆሞ ጥሩምባ ሲነፋ ያልዞረ ሰው የለም። ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። በዚህ ቤት መቀመጫ እንዳለ ነገርኩት። ፋሲል ጨዋ ልጅ ነው፤ ድምፁን አላነሳም። ዝናብ ስለሆነ ዕቃው ይውረድና ገብተን እንነጋገር አለኝ። የሚወርድ ነገር የለም አልኩት። ወዛደሮቹ ሸራውን መፍታት ጀምረው ነበር፤ አስቆምኳቸው።

ፈንታነሽ ከጓዳ ወጥታ ከኋላዬ ቆመች። ሶፋውን አላየችም፤ የምታየው እኔን ነበር። የምትናገር መስሎኝ ነበር። ተመልሳ ገባች፤ ስትወጣ ጥቅል ይዛለች።

«ፋሲል፣ ሶፋው የሚመለስ ከሆነ እኔንም አብረህ ጭነህ መልሰኝ።»

ጋቢና እንድትገባ ለመናት። እሷ ግን ከኋላ ወጣችና ሸራውን ገለጥ አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። በገበያው መሐል አልፈው በወረታው መንገድ ወረዱ። እስከ መታጠፊያው ድረስ ታየችኝ። ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ ነበር።

የበደልኩት የለም። እነዚህን ወንበሮች የሠራሁት በእጄ ነው፤ የመንገድ ሥራ ካምፕ መጋዘን ጠባቂ ሳለሁ፣ ድንጋይ ማፍረሻው ዲናሚት ይመጣበት ከነበረው ሣጥን። ጣውላው የውጭ አገር ነው። ማንም አላስተማረኝም። ፊደልንም ማንም አላስተማረኝም። እመቤት ማንበብ የለመደችው እነሱ ላይ ተቀምጣ ነው፤ ዛሬ ሶፋ ትልክልኛለች።

እስከ ረቡዕ ትመለሳለች።

ሐምሌ 7

ከቅዳሴ መልስ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁለቱ ይነቃነቃሉ። የአንዱ መደገፊያ ተሰንጥቋል። ቀለማቸው ለቋል፤ ይህን አልክድም። ግን ዕቃ አረጀ ተብሎ አይጣልም። ክረምቱ ረጅም ነው፣ ሥራ የለኝም፣ መሣሪያዬ አለ። ወንበሮቹን፣ አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑንና ጠረጴዛውን አዲስ አደርጋቸዋለሁ። አንድ ነገር ሳልገዛ። ያየ ሰው ይፍረድ።

ሐምሌ 10

ረቡዕ ነው። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። በዝናብ ማን ይመጣል።

ሐምሌ 12

የሚካኤል ማኅበር። ጓደኛዬ ካሳሁን፣ ሙሴ ሆኖ ማኅበራችንን የሚመራው፣ ሁሉ በተሰበሰበበት ፈንታነሽ የት ቀረች ብሎ ጠየቀኝ። ጸበል ገብታለች አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። የትኛው ጸበል አለ ሌላው ማኅበርተኛ ታደሰ። አንበሳሜ በኩል አልኩ። ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እግዜር ይማራት አሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ የመጋዘን ቁልፍ ይዤ አንድ ሚስማር አላጎደልኩም። ዛሬ በጽዋ ፊት ዋሸሁ።

ደግሞ ተራው እየደረሰ ነው። ነሐሴ 12 ጽዋውን የምቀበለው እኔ ነኝ፤ የመስከረሙ ድግስ እኔ ቤት ነው። እስከዚያ መቼም ትመጣለች።

ሐምሌ 16

የወንበሮቹን አሮጌ ቀለም በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ ጨረስኩ። ብርጭቆ ወረቀት መግዛት አያስፈልግም፤ ስባሪው በደንብ ከተያዘ የተሻለ ያለሰልሳል። ከሥሩ የፈረንጅ ጽሑፍ ብቅ አለ፣ ከቀለሙ በታች ተደብቆ የኖረ። የተነቃነቁትን እግሮች ፈትቼ በኮላ መለስኳቸው። ስንጥቁን ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ ሞላሁት። የድሮ ሚስማር እያቀናሁ ነው የምመታው።

አውራ ጣቴ ተቆርጧል። ምንም አይደል።

ሐምሌ 19

አልጋው። ጠፍሩ መሐል ላይ ረግቦ እንደ ገንዳ ጎድጉዷል። ከዚህም ከዚያም የተኛ ሰው ወደ መሐል ይንከባለላል። ይህን ያህል ዓመት እንዴት እንደታገሥነው ገረመኝ። ጠፍሩን ፈትቼ፣ ዘፍዝፌ፣ የተበጠሰውን ቀይሬ እንደገና ወጠርኩት። አሁን እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሏል።

ሐምሌ 20

አልተኛሁም። አልጋው ደህና ነው። ብርዱ ይሆናል።

ሐምሌ 22

መደቡ ላይ ተኛሁ። ይሻላል።

ሐምሌ 24

ከፊት ለፊታችን ጨርቅ የምትሸጠው ሂክማ መጣች። የፈንታነሽ ወዳጅ ናት፤ ማታ ማታ እንደሚደዋወሉ አውቃለሁ፣ የሱቋ ግድግዳ ስስ ነው፣ ድምፁ መንገዱን ይሻገራል። ጾም ላይ ስለሆነች ውኃ እንኳ አላቀረብኩላት። በር ላይ ቆማ ሥራዬን አየች።

«ጋሽ ሙላቴ፣ ይኼን ሁሉ ብቻዎን?»

ብቻዬን ስሠራ ጥራት አለው አልኳት። ወንበሮቹ ከአዲስ ዕቃ እንደማያንሱ፣ አልጋው እንደተወጠረ፣ ጣሪያው የሚያፈስበትንም ቦታ እንደደፈንኩት ነገርኳት። ጣሪያውን ገና አልደፈንኩትም፤ ነገ እደፍነዋለሁ።

«ይኼን ለእትዬ ፈንታነሽ እንዳደርስልዎ ነው?»

«እኔ ለማንም ንገሪ አላልኩሽም።»

«እሺ፣ አልነግርም» አለችና ሳቀች።

እንዳትነግራት ነው እንዴ የምታስበው? ሴት ልጅ የተባለችውን አትሰማ።

ሐምሌ 25

ጣሪያውን ደፈንኩ።

ሐምሌ 28

ቁም ሣጥኑ። ውስጡን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለበድኩት፤ ሙጫው በውኃ ያፈላሁት ዱቄት ነው። ወረቀቱ ጠንካራ ነው፣ ብል አይበላውም። በሷ በኩል ያለው መደርደሪያ ባዶ ስለሆነ ሥራው ቀለለ።

ሐምሌ 30

ለወንበሮቹ ቀለም አገኘሁ። የመኪና ጋራዡ ደጅ በበርሜል የተጠራቀመ የተቃጠለ ዘይት አለ፤ ማንም አይፈልገውም። እንጨት ይጠጣዋል፣ ምስጥ አያስጠጋም፣ መልኩም የበሰለ ዋንዛ ይመስላል። በጨርቅ እያሸሁ ቀባኋቸው። አማሩ። በረድፍ አቁሜ ስመለከታቸው እውነትም አማሩ። የጋራዡ ልጅ ፀሐይ ይፈልጋል ብሎኛል። እሱ ስለ መኪና ይወቅ።

ነሐሴ 5

ዘይቱ አልደረቀም። ጉሙ ከጉና ወርዶ ቤቱን ከከበበ ሰነበተ፤ በሩን ስከፍት የማየው ነጭ ነገር ብቻ ነው። ግድግዳው ያልባል፣ ልብሴ እርጥብ ነው፣ የምሄድበት የለም። ልዩነቱ እንዲጠፋ አንድ ጊዜ ደግሜ ቀባሁት። አሁን እኩል ይደርቃል።

ሽታው ጓዳ ድረስ ገብቷል።

ነሐሴ 9

ሂክማ ስለ ሽታው አፍንጫዋን ያዘች። ቁርጥራጭ ጨርቅ አለኝ፣ ላልብስልዎ አለችኝ። ወንበር ጨርቅ ካስፈለገው ሲጀመር አልተሠራም አልኳት። አፍንጫዋን ለቃ አየችኝ። ይህን ቃል ከዚህ በፊት የሰማችው ይመስላል።

ነሐሴ 12

ጽዋውን ተቀበልኩ።

ታደሰ ቤት ነበርን። ከጸሎቱ በኋላ ካሳሁን ጽዋውን አንስቶ ወደኔ ሲመጣ፣ ባለቤቴ የለችም፣ ተራዬ ይለፈኝ ማለት እችል ነበር። ሰው ሲታመም፣ ሐዘን ሲደርስበት ተራ ይለወጣል። አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ያዩኛል። ቆሜ ተቀበልኩ። ካሳሁን ጠጋ ብሎ፣ ፈንታነሽ ጸበሏን እስከዚያ ትጨርሳለች አይደል አለኝ። ትጨርሳለች አልኩ።

በዝናብ፣ በጋቢዬ ሥር ይዤው መጣሁ። ቁም ሣጥኑ ላይ አኖርኩት። ቤቱ ውስጥ የትም ብቀመጥ ይታየኛል። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የምጽፈው።

ጠላ የሚጠምቅልኝ ማነው? ሂክማን እንዳልጠይቅ እስላም ናት። ሴት እንዳልቀጥር በማግስቱ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔ ራሴ ብጠምቅ ደግሞ ሳልሞት ተቀበርኩ ማለት ነው።

ነሐሴ 13

የደብረ ታቦር በዓል። ልጆች ከደጃፌ ቆመው ጨፈሩ። የምሰጣቸው ሙልሙል የለም። በሩን ዘግቼ እስኪሄዱ ዝም አልኩ። አንዱ፣ ሰው አለ፣ ጭስ ይወጣል አላቸው። ሌላው፣ ሰውዬው ብቻውን ነው፣ ሚስቱ በሶፋ ሄዳለች አለው። ሳቁ። ከዚያ የሚቀጥለው ቤት ዘፈኑ።

ልጅ የሚያወራው ቤት የሰማውን ነው።

ነሐሴ 20

ሂክማ ስልኳን ይዛ መጣች፤ እመቤት ላናግረው ብላ ነው። ደህና ነህ ወይ፣ ደህና ነኝ ተባባልን። እናቷ እንዴት እንደሆነች አልጠየቅሁም፤ ራሷ ነገረችኝ። ወገቧን እያሳሸች ነው። ሐኪሙ ከሁለት ዓመት በፊት ጠንካራ ነገር ላይ እንዳትቀመጥ ነግሯት ነበር።

«አልነገረችህም እንዴ አባዬ?»

መስመሩ ይቆራረጣል ብዬ ስልኩን ለሂክማ መለስኩላት።

መስመሩ ደህና ነበር።

ነግራኛለች። አንድ ጊዜ ነው የነገረችኝ። ወገብ የማያመው ሽማግሌ አሳዪኝ አልኳት። እውነቴን ነው፤ እኔንም ያመኛል። ይህን ስላት ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። አሁን ሳስበው ከዚያ ወዲህ እራት ስንበላ ቆማ ነው የምታሳልፈው። እኔ ለአክብሮት መስሎኝ ነበር።

ነሐሴ 26

ካሳሁን መጣ። አዲስ የታጠበ ጋቢ ለብሷል፣ ከኛ ቤት ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሊወጣ ነው። ስለ መስከረሙ ድግስ ልንነጋገር ቁጭ አልን። ወንበሩን አመሰገነልኝ፤ ከባድ ሥራ ነው የሠራኸው አለ። ደስ አለኝ። ካገባሁበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ያለ ደስታ ያላየሁ ያህል ደስ አለኝ።

ተነስቶ ጀርባውን ሲሰጠኝ በጋቢው ላይ ሦስት ጥቁር መስመር። የመደገፊያው ጣውላዎች ልክ።

ልነግረው ይገባኝ ነበር። በሩን ከፈትኩለት፣ ደህና ዋል አልኩት። በዚያ ዳገት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሽቅብ ሲወጣ ከበሩ ቆሜ አየሁት።

ነሐሴ 27

ሂክማ ሱቅ ደጃፍ ጨው ልገዛ ሳልፍ ውስጥ ሰዎች ነበሩ። ካሳሁን ትናንት የሜዳ አህያ ሆኖ ቅዳሴ ገባ አለ አንዱ። ሌላው ቀጠለ፤ የሙላቴ ሚስት ሶፋ ላይ ተቀምጣ ስትሄድ፣ የሙላቴ ወንበር ደግሞ ሰው ላይ ተቀምጦ መሄድ ጀመረ። ጨው ሳልገዛ ተመለስኩ።

ሁሉም ያውቃል። ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር፤ የሄደችው እኮ ቅዳሜ ነው፣ በገበያ መሐል። ጸበል ገብታለች ስል እግዜር ይማራት ያሉኝ እያወቁ ነው። እኔን እያዘኑልኝ ነው። ከዚህ የሚከፋ ነገር የለም።

ነሐሴ 29

ካሳሁን ተመልሶ መጣ። አልቀመጥ አለ፤ ቆሞ ተናገረ። ስለ ጋቢው ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር በእጁ አስቆመኝ።

«ጋቢው ይታጠባል። የከበደኝ ጸበሉ ነው።»

ጽዋው ወዳለበት አየሁ።

«ቂም ያለበት ቤት ጽዋ አይጠጣም፤ ይህን አንተ ነህ ለማኅበሩ ልጆች ስታስተምር የኖርከው። ወይ ከሷ ታረቅ፣ ወይ ጽዋውን ለታደሰ መልስ።»

ጽዋ ከቤቱ ያስመለሰ ሰው በማኅበራችን ታሪክ አላውቅም። ሽማግሌ አልልክም፣ ያጠፋሁት የለም አልኩት።

«ሽማግሌ ላክ አላልኩህም፤ ራስህ ሂድ ነው ያልኩህ። ሽማግሌማ አንተን ፈርቶ እሷን ነው የሚጫናት።»

ከሄደ በኋላ በሩን ቆለፍኩ። ለምን እንደቆለፍኩ አላውቅም፤ የሚመጣ ሰው የለም።

ጳጉሜን 2

ወንበሮቹን በፈላ ውኃና በአመድ እያጠብኩ ነው። ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ሰርጓል። ባጠብኩት ቁጥር ሌላ ጥቁር ያወጣል። እጄ ተሰነጣጥቋል። ክረምቱን ሙሉ የሠራሁትን እያፈረስኩ ነው።

ጳጉሜን 4

ሂክማ ዘንድ ሄድኩ። ያ ቁርጥራጭ ጨርቅ አለ ወይ አልኳት። ይህን ለማለት ሱቁን ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ።

ከመደርደሪያው በታች አንድ ጥቅል አወጣች። ቁርጥራጭ አልነበረም፤ የተሰፋ ነበር። ከልዩ ልዩ ጨርቅ የተቀጣጠለ፣ ቀዩ ከአረንጓዴው፣ ያበበው ከመስመሩ፤ የመቀመጫ ልብስ፣ የመደገፊያ ልብስ፣ በየጥጉ ማሰሪያ ያለው።

«ይኼን ማን ሰፋው?»

«ማን ይመስልዎታል ጋሽ ሙላቴ? እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በስንዝር እየለካች፣ እዚህ መጥታ ስትሰፋ የከረመች ናት። ወንበሮቹን ትወዳቸዋለች። ትራስ ቢኖራቸው ይበቃኛል ትል ነበር።»

«ለምን አላመጣችውም?»

«ሳትጨርሰው ጠየቀችዎት። ወንበር ጨርቅ ካስፈለገው አልተሠራም አሏት። ከዚያ ወዲህ ነው እመቤት ስለ ሶፋው ያነሳችው።»

ጥቅሉን ይዤ ወጣሁ። ዝናቡ ቆሞ ነበር። ቤት ገብቼ የጤፍ ጭድ በጆንያ ጠቅጥቄ፣ ልብሱን አልብሼ፣ ማሰሪያውን አሰርኩ። አንዱም አልጠበበም፣ አንዱም አልሰፋም። ጥቁሩ ሁሉ ተሸፈነ።

ተቀመጥኩበት። ወገቤን ሳያመኝ ቆየሁ። ይህን ለማን እናገራለሁ።

መስከረም 1 ቀን 2006 ዓ.ም

እንኳን አደረሰህ ያለኝ ሂክማ ብቻ ናት።

መስከረም 4

ባሕር ዳር ሄድኩ። በሚኒባሱ መስኮት በኩል ተቀምጬ፣ እስከ ሐሙሲት የምናገረውን አስተካከልኩ። ከሐሙሲት ወዲያ ደግሞ ያስተካከልኩትን ጣልኩት።

እመቤት በሩን ከፍታ ስታየኝ አፏን ያዘች። ፈንታነሽ ውስጥ ነበረች። ፊቷ ደህና ነው። ጉልበቴን ሳላጥፍ ቆሜ ቀረሁ።

«ለምን መጣህ?» አለችኝ።

«ጽዋው ቤት ነው» አልኩ። «የሚካኤል። ስምንት ቀን ነው የቀረው።»

ሌላ ነገር እንድጨምር የጠበቀች ይመስለኛል። እመቤት ከኋላዋ ቆማ በዓይኗ ስትለምነኝ ነበር። ዐውቄያለሁ። ቃሉ አልወጣ አለኝ።

«ለጽዋው እመጣለሁ» አለች ፈንታነሽ። «ሚካኤል ምን አደረገኝ።»

መስከረም 5

አብረን መጣን። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ወንበር። ሾፌሩ ባልና ሚስት መሆናችንን ሳያውቅ ለየብቻ አስከፈለን።

ቤት ስትገባ ወንበሮቹን አየች። አንዱን ትራስ ገለበጠች፣ የስፌቱን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች፣ መልሳ አስተካከለችው። ስለ ሥራዬ አንድ ቃል እንድትል ስጠብቅ ቀኑን ሙሉ እሷ ባለችበት ክፍል ዙሪያ ሥራ ፈጠርኩ።

አልጋውን ላሳያት አስገባኋት። እጇን መሐሉ ላይ ጫን አደረገች፤ ጠፍሩ አልረገበም።

«አጥብቀኸዋል» አለች።

ማድቤት፣ ከጋኖቹ አጠገብ መኝታዋን አነጠፈች።

መስከረም 9

ትሠራለች። ጌሾ፣ ብቅል፣ ዳቦ። ጎረቤት ሴቶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እሷ ባለችበት ቤቱ በሰው ይሞላል፤ እኔ ብቻዬን ሳለሁ ማን መጣ? እኔ ስገባ ወሬው ይቆማል። ልረዳ ውኃ ቀዳሁ። ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም አላመሰገነኝም።

ጥቅሏን አልፈታችውም። ማድቤቱ ጥግ እንደታሰረ አለ።

መስከረም 12

ቤቱ ሞላ። ዝናቡ አባርቶ በሩ ተከፍቶ ዋለ። ነጭ የለበሰ ሰው ሁሉ ወንበሮቹ ላይ ተደግፎ ተቀመጠ፤ የማንም ነጠላ አልጠቆረም። ካሳሁን ሳይቀመጥ በፊት ትራሱን በመዳፉ አሸት አድርጎ መዳፉን አየ። ሁሉም ሳቀ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ።

የንስሐ አባታችን ጸሎት ካደረሱ በኋላ ካሳሁን ጽዋውን ከማንሳቱ በፊት እንደ ወጉ ጠየቀ፤ በመካከላችን የተቀያየመ አለ? ይህ ጥያቄ በየወሩ ይጠየቃል፣ በየወሩ ዝም እንላለን። ካሳሁን እኔን አላየም። ዓይኑን ጽዋው ላይ አድርጎ ነበር። እንዳልፍ መንገድ እየሰጠኝ ነበር።

ተነሳሁ።

«አለ። እኔ ነኝ። ጸበል ገብታለች ያልኩት ውሸት ነው። ቤቷ የመጣላትን መልሼ፣ እሷንም አብሬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የምትበሉት የእሷ ድግስ ነው። የመጣችው ለጽዋው ነው፤ ለኔ አይደለም። ስለዚህ እኔ አልጠጣም።»

መጀመሪያ የተናገረው ታደሰ ነው።

«ጸበሉንማ ሁላችንም ጠጥተነዋል፤ ተቀመጥ ሙላቴ።»

ሰዎች ሳቁ፤ ወዲያው ሽማግሌዎቹ ተነሱ። አንዱ እኔን ከክንዴ ያዘ፣ ሌላው ወደ ሴቶቹ በኩል ሄደ፤ በሉ፣ በሚካኤል ፊት፣ አሁኑኑ፣ ተሳሳሙ። ፈንታነሽ ዳቦውን በመቁረጥ ላይ ነበረች። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አባቶቼ፣ እናንተ ፊት እሺ እላለሁ፣ ነገ እናንተ የላችሁም። የሚጠይቀኝ ነገር ካለው እሱ ይጠይቀኝ። በሰው አያስጠይቀኝ።»

ካሳሁን እጁን አንስቶ ሽማግሌዎቹን አስቀመጣቸው። ጽዋው ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ አለፈኝ። እሷ ጋ ሲደርስም በገዛ እጇ አሳለፈችው። የቤቱ ባለቤቶች ሁለታችንም ሳንጠጣ ቀረን። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ማኅበር ውስጥ ታይቶ አይታወቅም።

ይሁን እንጂ ሰው ከሄደ በኋላ እንደ ፈራሁት አልሆነም። አፍሬያለሁ፤ ግን ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ፊቴን የማዞርበት ነገር የለም።

መስከረም 13

ጠዋት ጥቅሏን ይዛ ከማድቤት ወጣች። ሂክማ ልትሸኛት በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። የምናገረው ሌላ ነበር፤ ስገላበጥ ሳዘጋጀው ያደርኩት ረጅም ነበር፣ ማስረጃም ነበረው። የወጣው ግን ይህ ነው።

«ፈንታነሽ፣ ትቀሪልኛለሽ?»

ጥቅሏን አላስቀመጠችም።

«ይኼ ጥያቄ ነው ወይስ ትእዛዝ?»

«ጥያቄ ነው።»

እውነት መሆኑን ለማወቅ ይመስላል፣ ፊቴን ብዙ አየችው። እኔም ዓይኔን ከዓይኗ አላነሳሁም።

«እንግዲያስ ላስብበት» አለች።

ከበሩ ውጪ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ጥቅሏ ጭኗ ላይ። ሂክማ ማንንም ሳትሰናበት ወደ ሱቋ ተሻገረች። ከመንገዱ የሚኒባሱ ረዳት ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር እያለ ሲጠራ ሰማሁ። እሷም ሰማች። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ። ሌላ አለ፤ እስከ ማታ ይመላለሳሉ።

ድንጋዩ ይቀዘቅዛል ልላት ነበር። ወንበር ይዤ ልወጣም ነበር፤ እስከ ደፉ ደርሼ መለስኩት። ካስፈለጋት ቤቱ ክፍት ነው።

አሁን ቀትር አልፏል። ከዚህ ሆኜ በመስኮቱ ትታየኛለች። ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋ መንገዱን ታያለች። ፈንታነሽ ስታስብ አይቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከእሷ በፊት እኔ ወስኜ እጨርስ ነበር። ምን ያህል እንደምትቆይ አልነገረችኝም። እኔም ወጥቼ አልጠይቃትም። እጠብቃለሁ።